ሽፋን የማይፈልገው ኮምፎርት

ኢቲሳም ከጅዳ የላከቻቸው ሁለት ኮምፎርቶች ሐይቅ የደረሱት ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ይዟቸው የመጣው ለእረፍት የተመለሰው የሰፈራቸው ልጅ ሰዓድ ነበር። አየራቸው ተመጥጦ ላስቲክ ውስጥ ስለታሸጉ እንደ ቂጣ ስስ ሆነዋል። ዑምኩልሱም ላስቲኩን በምላጭ ስትቀደው ግን አበጡ፣ አበጡና ሶፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞሉት። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጣ ያለ ቡኒ ነው። እናቷ መሪማ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ማሻአላህ አለች።

ወዲያው ኢቲሳም በቪዲዮ ደወለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ስለ አጠባ ስታወራ እንደ ባለሙያ ነው የምታወራው፤ መብቷም ነው። ይኼ ኮምፎርት ሽፋን የሚባል ነገር አይፈልግም አለች። ላዩና ውስጡ አንድ ላይ የተሰፋ ነው፤ ሲቆሽሽ እንዳለ ይታጠባል፣ ሲደርቅ እንዳለ ይለበሳል። ከእንግዲህ ሽፋን ማውለቅ፣ ሽፋን ማጥለቅ፣ ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ የጠፋ ጥግ መፈለግ ቀረ። ሁለት የነበረው ዕቃ አንድ ሆነ። እመቤቷ የቤቱን አልጋ በሙሉ በዚህ ከለወጠች ወዲህ የኢቲሳም ወገብ ሰው ሆኗል።

"ላንቺ ብዬ እኮ ነው ዑሜ" አለቻት እህቷን። "የሚያጥበው ሌላ ማን አለና?"

ዑምኩልሱም አመሰገነች። ኢቲሳም ስልኩን ልትዘጋ ስትል አሮጌዎቹን ብርድ ልብሶችና ሽፋኖቻቸውን ሶደቃ አድርጓቸው ብላ አከለች።

መሪማ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ሶደቃ ተብሎ ስሙ የተጠራ ነገር እዚያ ቤት አያድርም። ካደረ ከድሃ አፍ እንደመንጠቅ ነው ትላለች። ዑምኩልሱም "እማ፣ ሽፋኖቹን እንኳ ትንሽ..." ብላ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ዐረፍተ ነገር መጀመር እንጂ መጨረስ ድሮም አይሆንላትም። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስትማር አራት ዓመት ሙሉ እጇን ያወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም መስኮቱን ለማስዘጋት ነበር። የአስር ሶላት አዛን ሳይባል ብርድ ልብሶቹም ሽፋኖቹም ከመስጊዱ ጀርባ ወላጅ ያጡ የቲሞችን ለሚያሳድጉት ሴቶች ተሰጡ። መሪማ ቀለል ብሏት ተመለሰች።

ዑምኩልሱምን ያልቀለላት በአባቷ በአያ ኑርዬ ምክንያት ነው።

አያ ኑርዬ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በሐይቅ ዙሪያ ወንድምና ወንድም በድንበር ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፍ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አያ ኑርዬ ካሉበት እቀመጣለሁ" ይላል። ከረመዷን ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። ደሴ ሐኪም ታይተው ኪኒን ተሰጥቷቸዋል፤ ኪኒኑ አንድ ሳምንት ይረዳል፣ አንድ ሳምንት ይረሳል። ይህን የሚያውቁት መሪማና ዑምኩልሱም ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ነግረዋቸው አይደለም። አንድ ቀን ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ሽፋኑን ራሳቸው አወለቁት፣ እርጥቡን ወደ ውስጥ አድርገው አራት ቦታ አጠፉት፣ አልጋው እግር ስር አስቀመጡትና ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ዑምኩልሱም መጥታ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ታጥቦ ሲመለስ እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦

"ጠራ?"

"ጠርቷል አባ።"

ነጃሳ የነካው ጨርቅ እዚህ ቤት ሦስት ውሃ ይወርድበታል፣ በየውሃው መሀል ይጨመቃል። ሽፋን ሲሆን ይህ ቀላል ነበር። አንድ ሳፋ፣ ግማሽ ጀሪካን፣ ሁለት እጅ። ጓሮ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተሰጥቶ እንግዳ ዓይን ሳያየው ይደርቃል። አያ ኑርዬ ቀን ላይ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ሲወጡ ሌሊቱ ያልነበረ ያህል ይሆናል።

አሁን ሽፋን የለም።

ኮምፎርቱ በመጣ በሦስተኛው ሌሊት አመለጣቸው። ጠዋት ዑምኩልሱም ስትገባ አባቷ እንደ ልማዳቸው አራት ቦታ ሊያጥፉት ሞክረው ነበር፤ እያበጠ ሲከፈትባቸው ትራስ ጭነውበት ወጥተዋል። ትራሱን አነሣችው። ወዲያው ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም።

ቧንቧው ውሃ የሚያመጣው በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሁለት ጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ አላት። የመጀመሪያውን ጀሪካን ሳፋው ላይ ስትገለብጠው ኮምፎርቱ ጠጣው፤ ጠጣውና ገና ላዩ እንኳ በወጉ አልራሰም። ሁለተኛውን ጨመረች። አሁን ጠግቦ ተኛ። በአንድ እጇ ልታነሣው ብትል አልነቃነቅ አላት፤ የእርጥብ በሬ ቆዳ ማንሣት ይቀላል። መሪማ ጉልበቷን እያሸች መጣችና አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ጫፍ ልጇ ይዘው ይጠመዝዙት ጀመር። እዚህ ሲጠመዝዙት እዚያ ያብጣል። ውሃው ከእጅጌያቸው እየገባ እስከ ወገባቸው አራሳቸው። ለሁለተኛው ውሃ ከጎረቤት ተበደሩ። ሦስተኛውን የጣሪያ አሸንዳ ሞላላቸው፤ ዝናቡ ለዚህ ብቻ ጠቀመ።

"እህትሽ ወገቤ ሰው ሆነ ያለችው ይኼንኑ ነው?" አለች መሪማ፣ ግድግዳ ተደግፋ።

"እሷ ማሽን አላት እማ።"

"ማሽኑን አብራ አትልክም ነበር?"

"ማሽኑም ውሃ ይጠጣል።"

ጓሮ ያለው ገመድ አጭር ነው፤ ከክብደቱም የተነሣ ተበጠሰ። ኮምፎርቱ ጭቃ ላይ ወደቀና አንድ ውሃ ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊት፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በበሩ መሀል የተዘረጋው የሽቦ ገመድ። እዚያ የተሰጣ ነገር ወደ ወፍጮ የሚወርድ ሁሉ ያየዋል። ግራጫው ኮምፎርት የቤቱን ግማሽ ከልሎ ተንጠለጠለ። ፀሐይ ወጣ ሲል ያወጡታል፣ ሲያካፋ ያስገቡታል። በአራተኛው ቀን ላዩ ደረቀ፤ ውስጡ ግን እንደ ጉንጉን ተቋጥሮ ቀዝቀዝ ይል ነበር፣ ሻጋታ ሻጋታም ይሸት ጀምሯል። በዚያ መሀል ቡኒውም ተራው ደርሶ ሳፋ ገባ።

"ጠራ?" አሉ አያ ኑርዬ።

ዑምኩልሱም አፏን ከፈተች። ሦስቱ ውሃ እስከ መሀሉ ዘልቆ ይሁን፣ ወይስ የመጀመሪያው እዚያው ተቀምጦ ይሁን፣ ማወቂያ የላትም። "ጠርቷል አባ" አለች። አባቷን እንዲህ ስትመልስ እርግጠኛ ሳትሆን ቀርታ አታውቅም ነበር። እሳቸውም ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር የሰሙ መሰለ፤ በዚያ ሌሊት ኮምፎርቱን ሳይለብሱ ጋቢያቸውን ብቻ ተጠቅልለው ተኙ። በነሐሴ ብርድ። ጠዋት ሳል ይዟቸው ተነሡ።

ለኢቲሳም ልትነግራት ሞከረች። ነገሩ ለእጅ ከበድ ይላል፣ አይደርቅም፣ ሽፋን ቢኖረው ይሻል ነበር አለቻት። ኢቲሳም ሳቀች። ኮምፎርት በወር አንዴ እንኳ አይታጠብ፣ ምን ያህል ቢከብድ ነው አለች። በወር አንዴ አለመሆኑን ዑምኩልሱም መናገር አትችልም። እህቷ አባታቸው እንዲህ መሆናቸውን አታውቅም፤ እንድታውቅም አይፈልጉም። ስለዚህ እሺ አለች፤ ኢቲሳምም እሺታውን በመሰላት ተረጎመችው።

"ኬሚስትሪ ተምረሽ በብርድ ልብስ ተሸነፍሽ?"

ዑምኩልሱም ስልኩን ከዘጋች በኋላ ምን ምን ማለት ትችል እንደነበር ሳፋው ላይ ተጎንብሳ አንድ በአንድ አሰበችው። ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር። ለሳፋው ነገረችው።

ጎረቤታቸው ጥሩሰው ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ያወጣችው በሦስተኛው እጥበት ነው። ጥሩሰው ክርስቲያን ናት፤ ከመሪማ ጋር ሠላሳ ዓመት ጨውና ሚጥሚጣ ተበዳድረዋል። ሰው ላይ ክፉ አታስብም፣ ዝም ብላም አታልፍም። አዲስ የአልጋ ልብስ በአሥር ቀን ሦስቴ ሲሰጣ አይታ ደግሞ ምን ልታስብ ኖሯል? ሐይቅ ውስጥ አንድ ቤት የአልጋ ልብስ ደጋግሞ ካጠበ እንግዳ ሊቀበል ነው፤ ያላገባች ልጅ ካለችበት እንግዳው የታወቀ ነው።

"ኒካሁ መቼ ነው ታዲያ ዑሜ?" አለቻት። "የክርስቲያን እንግዶቹን በግ ማን እንደሚያርድ እንኳ ሳንነጋገር ልትድሩብን ነው?"

ዑምኩልሱም ቀና አለች። ኒካህ የለም ብትል ቀጣዩ ጥያቄ ታዲያ ይኼ ሁሉ እጥበት ምንድን ነው የሚል ነው። የአባቷን ነጭ ኮፍያ በመስኮቱ በኩል አየችው። አንገቷን ደፋችና ፈገግ አለች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው ይባላል፤ ጥሩሰውም እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

በሳምንቱ ወሬው ወፍጮ ቤት ነበር። ለሙሽራው ስም መፈለግ አልከበዳቸውም፤ ኮምፎርቱን ማን አመጣው? ሰዓድ። ከጅዳ ድረስ ተሸክሞ። ሰዓድ ምስኪን ዑምኩልሱምን መንገድ ላይ ሲያያት መሬት መሬቱን እያየ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። እሷም ባትናገር እንጂ ከእሱ የባሰ አፍራለች። የማታውቀው ሰርግ ተደግሶላት፣ የማታስበው ባል ተሰጥቷት፣ በዚያ ላይ በየሦስት ቀኑ ወገቧ እስኪነቀል ኮምፎርት ትጠመዝዛለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዘንድሮው ጉድ እሷው ሆና አረፈችው።

አባቷ ሳላቸው ሲብስ ግን መታገሥ አልቻለችም። ሌላ ሽፋን ካልተገኘ ጋቢያቸውን እየተጠቀለሉ ክረምቱን ሊጨርሱ ነው። ገበያ ወርዳ አቡጀዲ ገዛችና የኮምፎርቱን ልክ በገመድ ለክታ ወደ ሀሚዱ ልብስ ሰፊ ሄደች። ዝም ብሎ ትልቅ ከረጢት አድርገው፣ በአንድ በኩል ክፍት ይሁን፣ ማሰሪያ ይኑረው፣ ሌላ ምንም አይጨመርበት አለችው። ለእሷ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ሀሚዱ ልኩን እየጻፈ ከመነጽሩ በላይ አያትና ገባኝ፣ ገባኝ አለ።

በማግስቱ ስትሄድ ከረጢቱ ከረጢት አልነበረም። ሀሚዱ ዙሪያውን ሮዝ ዳንቴል ገጥሞበታል፤ አራቱም ጥግ ላይ ቀይ አበባ በማሽን ጠልፏል። ዳንቴሉ የእኔ ስጦታ ነው አለ፤ የአያ ኑርዬን ልጅ እርቃኑን በቀረ አቡጀዲ አልድርም፤ እሳቸው ከወንድሜ አስታርቀውኛል። ዑምኩልሱም ዳንቴሉን ፍታልኝ ልትለው ፈለገች። "ሀሚዱ፣ ይኼ እኮ..." አለች። ሀሚዱ ዱአ እያደረገላት ነበር። ጠቅልላ በሰፊው ሂጃቧ ሥር ደብቃ ወጣች።

በዚያው ቀን ግራጫው ኮምፎርት ዳንቴል ለብሶ የአያ ኑርዬ አልጋ ላይ ተዘረጋ። አያ ኑርዬ አበቦቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ይኼ ሁሉ ለኔ ነው?"

"ልብስ ሰፊው ተሳስቶ ነው አባ። ግን ይወልቃል።"

"ይወልቃል" አሉ እሳቸውም፤ ቃሉ የገባቸው ይመስላል። በዚያ ሌሊት ሞቋቸው ተኙ። ሲነጋ ሽፋኑ እርጥቡ ወደ ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ አልጋው እግር ስር ነበር። ያ ሁሉ ዳንቴል ያለው ትልቅ ሽፋን ሦስት ውሃ አውጥቶ በተቀጠለው የጓሮ ገመድ ላይ እስኪሰጣ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ዑምኩልሱም ማመን አቅቷት ባዶውን ሳፋ ትንሽ ቆማ አየችው።

በሦስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ኢቲሳም ደወለች። ሰዓድ ተጨንቆ ነግሯታል፤ አገር ሁሉ ድሮኛል፣ እህትሽን አላናገርኳትም፣ አንቺ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ። ኢቲሳም ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከቤት የራቅሁት የእህቴን ኒካህ ከሰው አፍ ልሰማ ነው ወይ አለች። ዑምኩልሱም ስልኩን ይዛ አባቷ መኝታ ክፍል ቆማ ነበር፤ ውሸት ነው አለች። ታዲያ ውሸት ከሆነ ለምን አላስተባበልሽም? ዑምኩልሱም መስገጃቸው ላይ ወደ ተቀመጡት አባቷ ዞረች። ስልኩ እጇ ላይ ዘንበል ሲል ኢቲሳም አልጋውን አየችው። ዳንቴሉን፣ አበቦቹን።

"ይኼ ምንድን ነው? ሽፋን አለበሳችሁት?" ወደ ስክሪኑ ቀረበች። "የሙሽራ ሽፋን። እኔ የላክሁት እንዳለ አይበቃም ማለት ነው። ተሸክሜ እየዞርሁ የመረጥሁትን በአቡጀዲ ሸፈንሽው። ከፍቶሽ ከሆነ አትናገሪም ነበር? አንቺ እኮ ልማድሽ ነው፤ ዝም ብለሽ የራስሽን ትሠሪያለሽ።"

እውነቱ የዑምኩልሱም ምላስ ጫፍ ላይ ነው፤ ግን የእሷ እውነት አይደለም። እታለም፣ ይቅርታ አለች።

አያ ኑርዬ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ። "ስጭኝ እስቲ" አሉ። ስልኩን ወሰዱና እንደ ልማዳቸው ከጆሮአቸው አስጠጉት፤ ኢቲሳም የምታየው የአባቷን ጆሮ ብቻ ነበር።

"ኢቲሳም፣ ልጄ። ያንን ልብስ የሚያሳጥበው ሰርግ አይደለም። እኔ ነኝ። ከረመዷን ወዲህ ሌሊት ያመልጠኛል። ይቺ ልጅ አፏን የያዘችው ለኔ ብላ ነው።"

መሪማ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። አያ ኑርዬ የሰው ጉዳይ ሲሸመግሉ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

"ስንት ጊዜ ነው የሚያጋጥምዎ?" አለች ኢቲሳም በመጨረሻ።

"በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም።"

"እና ያንን... በእጅ? ሦስት ሦስት ውሃ?"

"እናትሽ ባንድ ጫፍ፣ እሷ ባንድ ጫፍ።"

ኢቲሳም ዑምኩልሱምን አቅርቡልኝ አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ምናልባት ቃሉ አልመጣላትም ይሆናል። የጠየቀችው ሽፋኑ የሚዘጋው በቁልፍ ነው ወይስ በማሰሪያ ብላ ነው። በማሰሪያ ሲሏት ጥሩ ነው፣ ቁልፍ ሲጨመቅ ይሰበራል አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኩን ዘጋች።

አያ ኑርዬ ስልኩን መለሱላት። "በይ አሁን ለጎረቤቱ ሰርግ የለም በያቸው።"

"ምን ልበላቸው አባ? ሰርግ ከሌለ ልብሱስ?"

"እውነቱን ንገሪያቸው።"

ዑምኩልሱም መሬት መሬቱን አየች። ወገቧ ያማታል፤ የጣቶቿ ቆዳ በሳሙና ተልጧል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን ነገር አሁን በየበሩ እየዞረች አውርጂው ተባለች። አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም።

"እኔ አልችልም" አለች። "እርስዎ ይንገሯቸው።"

መሪማ ደነገጠች። አያ ኑርዬ ግን አልተቆጡም። ልጃቸውን ትንሽ አዩዋት፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ያዙና ወጡ። ጥሩሰው አጥሯ ሥር ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ዑምኩልሱም ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። አባቷ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም፤ ለኢቲሳም እንደነገሯት ባጭሩ ነገሯት፤ ልጄን ባል አትስጧት፣ የሚታጠበው የኔ ነው አሉ።

ጥሩሰው የያዘችውን ጎመን እንደያዘች ቆመች።

"ውይ አያ ኑርዬ" አለች ቀስ ብላ። "ባለቤቴ ሽታው እኮ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ሲመሽ አጥቤ ጎመኑ መሀል ነው የማሰጣው፤ እናንተ እንዳታዩብኝ።"

አያ ኑርዬ ሳቁ። ሳሉና ደግመው ሳቁ። ኪኒን ይወስድ እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷም የሽታውን ኪኒን ልታሳያቸው ገብታ ይዛ ወጣች። ሁለቱ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ዑምኩልሱምን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን የተሰማት ንዴት ነው። ከረመዷን ወዲህ፣ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቤት ሰው እየተደባበቀ ሲጨምቅ። አንዱ ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ውሃ እንኳ አብረው ይቀዱ ነበር።

ጥሩሰው አየቻትና ጠራቻት። ስለ ሰርጉ ወሬ ማሪኝ የኔ እናት አለች፤ ወፍጮ ቤቱን ለእኔ ተይልኝ፣ ራሴ ያወጣሁትን ራሴ አስገባዋለሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጠየቀች። ቤይሩት ያለችው ልጇ ሙሉአለም እንዲህ ያለውን ሽፋን የማይፈልግ ኮምፎርት ልላክልሽ ወይ ብላታለች፤ አጠባ ያቀላል ብላ።

"ያቀላል ወይ ዑሜ? እውነቱን ንገሪኝ።"

ዑምኩልሱም እንደ ልማዷ "እትዬ፣ እሱ እንኳ..." ብላ ጀመረች። ጥሩሰውም ዝም አለች፣ አባቷም ዝም አሉ፤ ሁለቱም የቀረውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ መጨረስ ነበረባት።

"አያቀልም" አለች። "ማሽን ላለው፣ ማድረቂያ ላለው፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ለሚመጣለት ያቀላል። ለኛ አንዱ ዕቃ የሁለት ዕቃ ሥራ ነው። በአንዱ ውሃ ብቻ ሁለት ጀሪካን ይጠጣል፣ ሁለት ሰው ካልያዘው አይጨመቅም፣ በክረምት አምስት ቀን አይደርቅም፣ መሀሉ መጥራቱን ደግሞ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሽፋን ላይ ሽፋን ትላክልሽ። ሦስት፣ አራት፤ ስስ ስስ የሆነ። ዳንቴል እንዳይኖረው። ሀሚዱ ጋ ደግሞ አትሂጂ።"

ይህን ሁሉ የተናገረችው አንዴም ሳታቆም ነው። ሲያልቅ ፊቷ ጋለ፤ ወደ ሽቦው ገመድ ሄዳ ቡኒው ኮምፎርት ደርቆ እንደሆነ ዳበሰችው። ጫፉ ገና እርጥብ ነበር። ደመናው ደግሞ ከአምባሰል በኩል እየመጣ ነው።